ፎቶውን ከመንካትሽ በፊት

የወንድሜ ልጅ፣ የላክሽልኝን የድምፅ መልእክት ሰማሁት። ፊት እንዴት ይጠራል፣ ከጀርባ ያለው እንዴት ይቀየራል፣ የደመነው ሰማይ እንዴት ይበራል ብለሽ ጠይቀሻል። ይህን ዩቲዩብ ላይ የሚያሳይሽ ሞልቷል፤ ከእኔም በተሻለ ያሳይሻል። እኔ ልነግርሽ የምፈልገው ከዚያ የሚቀድመውን፣ ማለትም ፎቶው ከካሜራው ወይም ከስልኩ ወጥቶ ኤዲት የምታደርጊበት ፕሮግራም ውስጥ እስኪገባ ድረስ ያለውን ነው። ደንበኛ «ፎቶዬ የት ገባ?» ብሎ ሲቆጣ፣ «ለምን ደበዘዘ?» ብሎ ሲያኮርፍ ምክንያቱን ብትፈልጊ ብዙውን ጊዜ የምታገኚው እዚያ ነው። የፎቶ ቤት ትልልቅ ጥፋቶች ብሩሹ ሳይነሳ ያልቃሉ።

በፊልም ዘመን ኔጋቲቭ የሚባል ነገር ነበረን። ፊልሙ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ ፖስታ ውስጥ ይከተታል፤ ቁጥር ይጻፍበታል፤ ይቀመጣል። የታተመው ቢበላሽ ሌላ ይታተማል። የአሁኑ ፋይል እንዲህ ያለ ጠባቂ የለውም። ራሱ ኔጋቲቭ፣ ራሱ ህትመት ነው፤ ኮንትሮል ኤስ የምትለውን ቁልፍ ስትጫኚ የበፊቱ ጠፍቶ የአሁኑ ሊተካ ይችላል። ስለዚህ ማንኛውንም ፕሮግራም ስትከፍቺ በቅድሚያ ራስሽን የምትጠይቂው አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ፕሮግራም የያዘው ኦሪጅናሉን ነው፣ ግልባጩን ነው ወይስ አድራሻውን ብቻ ነው? መልሱ ከፕሮግራም ፕሮግራም ይለያያል፤ የቀላሉና የከባዱ ፕሮግራም ልዩነትም ከሌላው ሁሉ ይልቅ እዚህ ላይ ነው።

ከሚሞሪ ካርዱ እንጀምር። በካርድ ሪደር ሰክተሽ ስትከፍቺው ዲሲአይኤም የሚል ፎልደር ታገኛለሽ፤ ካሜራው ካኖንም ይሁን ኒኮን ወይም ሶኒ፣ አምራቾቹ የተስማሙበት ስም ስለሆነ ያው ነው። ከዚያ ውስጥ ኮፒ አድርጊ እንጂ ከት አታድርጊ። ከት እያደረግሽ መሃል ላይ መብራት ቢሄድ ወይም ካርድ ሪደሩ ቢነቃነቅ፣ ግማሹ እዚህ ግማሹ እዚያ ሆኖ አንዱ ፋይል ተቆርጦ ይቀራል። ኮፒ ከሆነ ግን ምንም ቢመጣ ካርዱ ላይ ያለው አለ። ካርዱንም በዚያው ዕለት ለማጽዳት አትቸኩዪ። ፎቶዎቹ ላፕቶፑ ላይም ውጫዊው ሃርድ ዲስክ ላይም ይግቡ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው፣ ከመሃሉ፣ ከመጨረሻው እየመረጥሽ በትልቁ ክፈቺያቸው። ፎልደሩ ውስጥ የምትታየውን ትንሿን ምስል አትመኛት። እሷ ብዙ ጊዜ የምትነበበው ከፋይሉ መጀመሪያ ላይ ስለሆነ ፋይሉ ግማሹ ተቆርጦ እንኳ ቆንጆ ሆና ትታያለች፤ በትልቁ ስትከፍቺው ግን የታችኛው ክፍል ግራጫ ነው። ይህን ካረጋገጥሽ በኋላ ካርዱን ፎርማት አድርጊ፤ እሱንም ኮምፒውተሩ ላይ ሳይሆን ካሜራው ላይ። ሳይገለበጥ የተሰረዘ ካርድ እጅሽ ከገባ ደግሞ አንድም ፎቶ አታንሺበት። ፎቶሬክ የሚባል ነጻ ፕሮግራም አለ፤ በላዩ ላይ ካልተጻፈበት አብዛኛውን ያወጣልሻል፤ የፋይሎቹ ስም ግን አይመለስም።

ሠርግ ላይ ሁለት ካሜራ ሲወጣ የሚመጣ ሌላ ጣጣ አለ። ካሜራ ፎቶዎቹን የሚሰይመው ባለአራት አሃዝ ቁጥር እየሰጠ ነው፤ 9999 ሲደርስ ወደ 0001 ይመለሳል። አንቺና ረዳትሽ የአንድ ድርጅት ካሜራ ከያዛችሁ ተመሳሳይ ስም ያላቸው ፋይሎች ቢኖሯችሁ አይገርምም። ሁለቱን ካርድ አንድ ፎልደር ውስጥ ስትገለብጪ ዊንዶውስ «በዚህ ስም ሌላ ፋይል አለ፤ ልተካው?» ብሎ ይጠይቅሻል። ሌሊቱ ተጋምሷል፤ ዓይንሽ ከብዷል፤ «ተካው» ትያለሽ። በዚያች ቅጽበት ረዳትሽ በሙሽራው ቤት ያነሳው አንቺ በሙሽራዋ ቤት ያነሳሽውን ያጠፋዋል፤ ሪሳይክል ቢን ውስጥ እንኳ አታገኚውም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ ይህኛው ግን ቢፈስ አይለቀምም። ለእያንዳንዱ ካርድ የራሱን ፎልደር ክፈቺ፤ በቃ። ስም መቀየሩና ማዋሃዱ በኋላ ፕሮግራሙ ውስጥ ይደረጋል።

ሰዓቱም ወጥመድ ነው፤ በተለይ ለእኛ። ካሜራ የሚያውቀው የፈረንጁን ሰዓትና የፈረንጁን ዘመን ብቻ ነው። አንቺ ካሜራሽን በትክክል ሞልተሽው ረዳትሽ ግን የእጅ ሰዓቱን አይቶ፣ ጠዋት 3 ሰዓት ስለሆነ 3፡00 ብሎ ቢሞላው፣ ለካሜራው ያ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ፕሮግራሙ ፎቶዎቹን በተነሱበት ሰዓት ሲደረድር የእሱ ሁሉ 6 ሰዓት ወደ ኋላ ይሄዳል። ማታ 12 ሰዓት ላይ ያነሳው ኬክ ቆረጣ ቀትር ላይ ይመጣና፣ አንቺ ከሰዓት በኋላ ያነሳሽው የመናፈሻው ፎቶ ከኬኩ በኋላ ይሰለፋል። ሚዜዎቹ ጃኬታቸውን አውልቀው ጨፍረው ከጨረሱ በኋላ እንደገና ለብሰው ከመኪና ሲወርዱ ታያለሽ። ኋላ በምነግርሽ ላይትሩም በሚባል ፕሮግራም ውስጥ «ኤዲት ካፕቸር ታይም» የሚል ትእዛዝ አለ፤ የረዳትሽን ፎቶዎች ብቻ መርጠሽ 6 ሰዓት ትጨምሪባቸዋለሽ፤ ይስተካከላል። ልዩነቱ ስንት እንደሆነ ካላወቅሽ ግን መከራ ነው። ስለዚህ ሥራ ከመጀመራችሁ በፊት ሁለታችሁም አንድ ስልክ ላይ ያለውን ሰዓት አንድ አንድ ጊዜ ፎቶ አንሱት፤ በኋላ የምታነጻጽሪበት ይሆንሻል።

ቀኑ ላይም እንዲሁ። ከዓመት በኋላ ባልና ሚስት መጥተው «የጥር 2015 ሙሽሮች ነን፤ አልበሙን እንደገና አትሚልን» ይሉሻል። ፕሮግራሙ ጥርን አያውቅም። ያ ጥር ለእሱ ከጃንዋሪ 9 እስከ ፌብሯሪ 7፣ 2023 ነው፤ በሁለት ወር ተከፍሎ ተቀምጧል። ፎልደሩን ስትሰይሚ የፈረንጁን ዓመት፣ ወርና ቀን አስቀድሚ፤ ተራው እንዳይዛባ። ቀጥለሽ የእኛን ጻፊ፦ 2023-01-22፣ ጥር 14 2015፣ ከዚያ የሙሽሮቹ ስም። ወደ ላብ፣ ማለትም ወደ ፎቶ ማተሚያው፣ በፍላሽ የሚሄደውን ፋይል ግን በላቲን ፊደልና በቁጥር ብቻ ሰይሚው፤ አንዳንድ የቆየ የህትመት ፕሮግራም የእኛን ፊደል ሲያይ ባዶ ሳጥን ይደረድራል ወይም ጭራሹን አልከፍትም ይላል።

አሁን ወደ ፕሮግራሞቹ እንግባ። ቀላሎቹን አትናቂያቸው። ፔይንት ከ1985 (ከዚህ በኋላ ዓመቱን የምነግርሽ በፈረንጁ ነው) ከመጀመሪያው ዊንዶውስ ጀምሮ አብሮን ያለ ነው፤ ጎን ለመቁረጥ፣ ለማዞር፣ ለማሳነስ እስካሁን ያገለግላል። ነገር ግን ፔይንት የሚከፍተው ፋይሉን ራሱን ነው። ቆርጠሽ ሴቭ ካልሽ የተቆረጠው ሄደ፤ ነገ ከፍተሽ አትመልሺውም። ፎቶው ጄፔግ ከሆነ ደግሞ አስተካክለሽ ሴቭ ባደረግሽ ቁጥር እንደገና ይጨመቃል፤ አንድ ሁለቴ አይታወቅም፤ ሲደጋገም ግን የፀጉሩ ጫፍና የልብሱ ጥለት ዙሪያ ጉድፍ ጉድፍ ማለት ይጀምራል። ስለዚህ እንዲህ ያሉ ፕሮግራሞችን ስትጠቀሚ «ሴቭ አዝ»ን መጨረሻ ላይ ሳይሆን መጀመሪያ ላይ ተጫኚ። ከፍተሽ፣ ሌላ ስም ሰጥተሽ፣ ከዚያ ንኪው።

ደንበኛ በቴሌግራም ስለሚልክልሽ ፎቶ ትንሽ ልቆይ፤ ከሁሉ በላይ ራስ የሚያዞርሽ እሱ ነው። ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልክ አብዛኛውን ጊዜ ረጅሙን ጎን ወደ 1280 ፒክስል አውርዶ፣ ጨምቆ ነው። ስልክ ላይ ሲታይ የሚያምር ስለሆነ ደንበኛው የሚያውቀው ነገር የለም። «ይህን በ50 በ70 ፍሬም አድርጊልኝ» ይልሻል። 70 ሴንቲ ሜትር ማለት 27 ኢንች ተኩል ገደማ ነው፤ 1280ን ለዚያ ስታካፍዪው በኢንች 46 ፒክስል ብቻ ይደርሳል። በእጅ ተይዞ ለሚታይ ህትመት 300 ይፈለጋል፤ ግድግዳ ላይ ከራቅ ብሎ ለሚታይ 150ም ይበቃል፤ 46 ግን የትም አያደርስም። አንዳንዱ ኤዲተር ፎቶሾፕ ውስጥ የኢሜጅ ሳይዝን ሳጥን ከፍቶ 72 የሚለውን አጥፍቶ 300 ይጽፍና አስተካከልኩ ይላል። ቁጥሩን መጻፍ የሌለ ዝርዝር አይወልድም፤ ፕሮግራሙ በግምት ይሞላዋል እንጂ። መፍትሔው ከመቀበልሽ በፊት ነው፦ «እንደ ፋይል ላክልኝ» በይው። ያኔ ቴሌግራም ሳይነካ ያደርሰዋል። ትልልቅ እናቶች ይህን አያውቁትምና ስልካቸውን ተቀብለሽ በገመድ ብትገለብጪ ይሻላል።

ከአይፎን የመጣ ከሆነ አልከፍት ሊልሽ ይችላል። ከ2017 ጀምሮ አይፎን ፎቶውን ሄይክ በሚባል ቅርጽ ነው የሚያስቀምጠው፤ የቆየ ዊንዶውስና የቆየ ፎቶሾፕ አያውቁትም። የፋይሉን ጭራ አጥፍተሽ ጄፔግ ብለሽ ብትጽፊበት ስሙ ይቀየራል እንጂ ፋይሉ አይቀየርም። ወደ ጄፔግ የሚቀይር ፕሮግራም ተጠቀሚ፤ ለወደፊቱም የስልኩ ባለቤት ሴቲንግስ ገብታ ካሜራ ከሚለው ሥር ፎርማትስን ከፍታ «ሞስት ኮምፓቲብል» የሚለውን ትምረጥ።

ራውን፣ ማለትም ካሜራው ሳይሠራበት የሚያስቀምጠውን ጥሬ ፋይል በተመለከተ፣ የሠርግ ቀን በራው አንሺ፤ ምክንያቱን በሐበሻ ቀሚስ ላሳይሽ። ቀትር ላይ ሙሽራዋ ከቤተ ክርስቲያን ስትወጣ ቀሚሱ እንደ መስታወት ያበራል፤ ፊቷ ነጠላው ጥላ ውስጥ ነው። ጄፔግ ለእያንዳንዱ ቀለም 256 ደረጃ ብቻ ስላለው ፊቷን አደምቃለሁ ስትዪ ጥልፉ በነጩ ተውጦ ይቀራል። ባለ14 ቢት ራው ግን 16,384 ደረጃ አለው፤ ነጩን ዝቅ ፊቱን ከፍ ስታደርጊ፣ ነጩ ጨርሶ ካልተቃጠለ በቀር፣ የጥልፉ ክር አንድ በአንድ ይመለሳል። ፎቶሾፕ ራውን በቀጥታ አይከፍተውም፤ መጀመሪያ ካሜራ ራው በሚባለው መስኮት በኩል ያሳልፈዋል። እዚያ የምታደርጊው ማስተካከያ ራው ፋይሉ ላይ አይጻፍም፤ አጠገቡ ኤክስኤምፒ የምትባል ትንሽ ፋይል ይፈጥርና እዚያ ላይ ይመዘግበዋል። ፎቶውን ወደ ሌላ ፎልደር ስትወስጂ እሷን ቆሻሻ መስላሽ ከተውሻት ሥራሽን ትተሽ ሄድሽ ማለት ነው። «ኦፕን» ከማለትሽ በፊትም ሺፍት ቁልፍን ያዢ፤ «ኦፕን» የሚለው ወደ «ኦፕን ኦብጀክት» ይለወጣል፤ ያኔ ፎቶው ወደ ራው መስኮቱ መመለስ እንደሚችል ሆኖ ይገባል። ሌሊት አድርገሽው ጠዋት ስታይው የሙሽራዋ ፊት ቢጫ መስሎ ከታየሽ እንደገና ከዜሮ አትጀምሪም።

ያለሽ ፎቶሾፕ የቆየ ከሆነ፣ ለምሳሌ በ2012 የወጣው ሲኤስ6፣ የአዲስ ካሜራ ራው ላይ «አላውቀውም» ይልሻል። ካሜራው ተበላሸ ብለሽ አትደንግጪ። አዶቤ በነጻ የሚሰጠው የዲኤንጂ መቀየሪያ አለ፤ ራውን ወደ ዲኤንጂ ይቀይርልሻል፤ የቆየው ፎቶሾፕም ይከፍተዋል።

አልበም ስትሠሪ ደግሞ በ«ኦፕን» እና በ«ፕሌስ» መካከል ያለውን ልዩነት ያዢ። ኦፕን ፎቶውን በራሱ ገጽ ይከፍታል፤ ፕሌስ ግን በከፈትሽው የአልበም ገጽ ላይ ያስቀምጠዋል። በተራ ኮፒ ፔስት ያመጣሽውን ፎቶ አሳንሰሽ፣ ነገ ደንበኛዋ «ትንሽ ተለቅ ይበል» ስትልሽ ብትጎትቺው ይደበዝዛል፤ ፒክስሎቹ ስታሳንሺው ተጥለዋልና። በ«ፕሌስ ኢምቤድድ» የገባው ግን ሙሉ መጠኑን ይዞ ስለሚገባ ብታሳንሺው ብታሳድጊው እስከ ኦሪጅናሉ ልክ ድረስ ችግር የለውም። «ፕሌስ ሊንክድ» የሚለው ፋይሉን እንዳይከብድ ያደርጋል፤ የሚይዘው ግን አድራሻውን ነው። የአልበሙን ፋይል ብቻ ፍላሽ ላይ ገልብጠሽ ላብ ከሄድሽ ፎቶዎቹ እቤት ቀርተዋል። ለዚህ ሲባል ፋይል ከሚለው ሥር «ፓኬጅ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ ሁሉንም አንድ ፎልደር ውስጥ ይሰበስበዋል። ለጀማሪ ግን እኔ ኢምቤድዱን እመርጣለሁ፤ ሃርድ ዲስክ ይሙላ እንጂ ሰው ፊት አትፈሪ።

ላይትሩም ከዚህ ሁሉ ይለያል፤ ብዙ ሰውም የሚሳሳተው እዚህ ነው። በ2007 የወጣው ይህ ፕሮግራም ፎቶ «አስገባ» ስትዪው ፎቶውን አይውጠውም። እንደ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ነው፦ የትኛው ፋይል የት መደርደሪያ ላይ እንዳለና ምን እንደተደረገበት ይጽፋል፤ ፋይሉ ራሱ ያለው መደርደሪያው ላይ ነው። ፎልደሩን ከላይትሩም ውጪ በዊንዶውስ አንስተሽ ሌላ ቦታ ብታደርጊው ወይም ስሙን ብትቀይሪ መዝገቡ አያውቅም፤ ምስሉ ጥግ ላይ የቃለ አጋኖ ምልክት ያወጣና «የለም» ይልሻል። አልጠፋም። ምልክቱን ተጭነሽ አዲሱን ቦታ ታሳዪዋለሽ። ከዚያ ወዲህ ግን ፎልደር ማንቀሳቀስ ካለብሽ ላይትሩም ውስጥ ሆነሽ አንቀሳቅሺ።

የማስገቢያው መስኮት ሲከፈት በግራ ከየት እንደሚመጣ፣ በቀኝ ወዴት እንደሚሄድ፣ ከላይ ደግሞ እንዴት እንደሚገባ ያሳያል። ከላይ ያሉት ምርጫዎች አራት ናቸው። «ኮፒ» ገልብጦ ያስገባል፤ ከካርድ ስታስገቢ የሚያስፈልግሽ እሱ ነው። «ኮፒ አዝ ዲኤንጂ» እየገለበጠ ይቀይራል። «ሙቭ» ከነበረበት ያነሳዋል፤ አትንኪው። «አድ» ፎቶውን ካለበት ሳያነሳ መዝገቡ ላይ ብቻ ይጽፈዋል፤ ላፕቶፑ ላይ አስቀድመሽ ለገለበጥሽው ደህና ነው። ደንበኛ ባመጣው ፍላሽ ላይ «አድ» ብለሽ ሌሊቱን ሙሉ ብትሠሪ ግን፣ ጠዋት ደንበኛው ፍላሹን ነቅሎ ሲሄድ ፎቶው አብሮት ይሄዳል። በቀኝ በኩል ተመሳሳይ የመሰሉትን እንዳያስገባ የሚያደርግ ሳጥን አለ፤ ምልክት አድርጊበት። ሁለተኛ ግልባጭ ሌላ ዲስክ ላይ የሚያስቀምጥም አለ፤ እሱንም። አንድ ነገር ልጨምር፦ ላይትሩም ሲዘጋ «ባክአፕ ላድርግ?» የሚልሽ መዝገቡን ብቻ ነው። ፎቶዎቹን ማስቀመጥ የአንቺ ፋንታ ነው።

የቀለም ነገር አጭር ነው። ፎቶሾፕ ፎቶ ሲከፍት ስለ ፕሮፋይል ከጠየቀሽ ፎቶው ይዞት የመጣውን እንዲጠቀም ፍቀጂለት፤ ጣለው አትበዪ። ወደ ላብና ወደ ቴሌግራም የሚወጣውን ደግሞ ላቡ ሌላ ካላዘዘሽ ወደ ኤስአርጂቢ ቀይሪ። በአዶቤ አርጂቢ የላክሽው ቀይ ጥለት ፕሮፋይል የማያነብ ማሽን ላይ ፈዞ የሚወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

የድሮ ፎቶ ስካን የሚያስደርጉ ሰዎች ይመጡልሻል፤ የአባት የወታደር ፎቶ፣ የአያት የመታወቂያ ጉርድ። ይህን ሥራ ውደጂው፤ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም። 4 በ6 ሴንቲ ሜትር የሆነች ፎቶ በ600 ስካን ብታደርጊያት ረጅሙ ጎን 1417 ፒክስል ይሆናል፤ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ስታሳድጊያት በኢንች 120 ብቻ ይደርሳል። በ1200 ስታነሺያት 240 ይሆናልና ለትንንሾቹ እሱን ተጠቀሚ። ስካነሩ «አሳምራለሁ» የሚለውን ሁሉ አጥፊበት፤ ማሳመሩ የአንቺ ሥራ ነው። ፎቶው ጥቁርና ነጭ ቢሆንም በቀለም ስካን አድርጊው፤ ቢጫው የውሃ እድፍ በሰማያዊው ቻናል ጎልቶ በቀዩ ደግሞ ሳስቶ ስለሚታይ ለማጽዳት ይቀላል። ቲፍ አድርገሽ አስቀምጪ፤ ያ ፋይል አይነካም። ኦሪጅናሉን ለባለቤቱ በእጅ ስትመልሺ ደብተር ላይ አስፈርሚ።

ለፎቶሾፕ በየወሩ የሚከፈለው ከከበደሽ ጊምፕን ጫኚ፤ ነጻ ነው። እንዲያውም ከ2012 ወዲህ አንድ ጥሩ ጠባይ አለው፦ ጄፔግ ከፍተሽ «ሴቭ» ስትዪው በራሱ ቅርጽ ያስቀምጣል እንጂ ጄፔጉ ላይ አይጽፍም፤ ጄፔግ ከፈለግሽ «ኤክስፖርት» ማለት አለብሽ። ጀማሪዎች ይህን ይጠሉታል፤ እኔ ግን ኦሪጅናሉን ስለሚጠብቅልሽ ወድጄዋለሁ። ራው ላይ ጊምፕ ብቻውን አይችልም፤ ዳርክቴብል ወይም ራውቴራፒ አብሮት ሲጫን በእነሱ በኩል ይቀበላል። ዳርክቴብልም እንደ ላይትሩም መዝገብ ያዢ ነው፤ ካርድ ስትሰኪ ገልብጦ የሚያስገባውን «ኮፒ ኤንድ ኢምፖርት» ምረጪ፤ «አድ ቱ ላይብረሪ» የሚለውን ላፕቶፑ ላይ ቀድሞ ላለ ፎቶ ተይው።